ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፦ የፍሬሽማን ባዮሎጂ ላብ ማኑዋል እንዴት ይስተካከል?

ሰላም ቤተሰብ። አጭር ጥያቄ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት፤ ግን መነሻው ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ባዮሎጂ ላብ ውስጥ እሠራለሁ። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው። ባለፈው ሳምንት የፍሬሽማኖቹን የላብ ማኑዋል እንዳሻሽል ተነገረኝ። አውጥቼ ሳየው እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የያዝኩት ሆኖ አገኘሁት። ሽፋኑ ተቀይሯል፣ ውስጡ ያው ነው። ያኔ የሳቅንበት የፊደል ስህተት ሳይቀር ቁጭ ብሏል።

ገጹን ስገልጥ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ስኳር የምንመረምርበት ቀን ነበር። ማኑዋሉ፣ ናሙናው ላይ ቤኔዲክት (ሰማያዊው የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ) ጨምሩ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩ፣ ሸክላማ ቀይ ይሆናል ይላል። በዚያ ቀን ግሉኮስ አልቆ ነበርና የሻይ ስኳር ተበጥብጦ ቀረበልን። ማኑዋሉም እኮ «ስኳር» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ የትኛው ስኳር እንደሆነ አይናገርም። ስድስት ሆነን አንዲት ቴስት ቲዩብ ከበን ቆምን። አምስት ደቂቃ አለፈ። ሰማያዊ ነው። አንዱ ትንሽ የቀላ መሰለኝ አለ። ቱቦዋን ይዤ ወደ መስኮቱ አስጠጋኋት። ሰማያዊ! ጥርት ያለ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የመሰለ ሰማያዊ። ሌላኛው ቡድን ጋ ሄደን አየን፣ እነሱም ዘንድ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ተቀመጥንና «ሸክላማ ቀይ» ብለን ጻፍን።

አንድ ጓደኛችን ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ ብሎ ጻፈ። እኔ ከ10 10 አገኘሁ። እሱ 6።

የሻይ ስኳር ሱክሮስ መሆኑን፣ ሱክሮስ ደግሞ ቤኔዲክትን እንደማይለውጥ ያወቅሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ከክፍሉ ሁሉ ትክክል የነበረው ያ ልጅ ብቻ ነበር ማለት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ማኑዋሉ መልሱን ቀድሞ ከነገረው ተማሪው ቱቦውን ምን አደከመው ያያል? እኔ «ይህ ይሆናል» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ላወጣቸው ነው። እናንተስ ምን ይውጣ፣ ምን ይግባ ትላላችሁ?

*

ይህን ከለጠፍኩ አምስት ቀን ሆነው። መልሱ ሠላሳ እየደረሰ ነው፤ አዲስ የሚገባ ሰው ግራ እንዳይገባው የተባለውን በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። ቁጥሩን እንዳለ ትቼዋለሁ። ሳቅና ሰላምታ ብቻ የሆኑትን ዘልያቸዋለሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ኮምቦልቻ የምታስተምር እህት ናት። በጨዋ ደንብ ነው የመጣችው። ሐሳቡን ደገፈች፤ ግን ማውጣት ብቻ አይበቃም አለች። በቦታው ባዶ ሰንጠረዥ ይግባ፤ ከሥራው በፊት ደግሞ ተማሪው ምን ይሆናል ብሎ እንደሚገምት የሚጽፍባት አንድ መስመር ትተው። ግምቱ ቢሳሳት ነጥብ አይነካበትም። ይቺ የመጨረሻዋ ልቤን ነካችኝ። እኛ እኮ ቀይ ብለን የጻፍነው ቀለም ጠፍቶን አይደለም፣ ነጥቡን ፈርተን ነው።

2. ሁለተኛው ተቃወመ። እሱ የመጣበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብ ነበረው፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ቁልፍ እንደተንጠለጠለበት ነው የኖረው። ቴስት ቲዩብ በእጁ የነካው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ምን እንደሚጠብቅ ካልተነገረው መሳሳቱን በምን ያውቃል ነው ነጥቡ። እውነት ለመናገር ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አንድ ቀን ሙሉ ሳብሰለስለው ዋልኩ።

3. መልሱን ሌላ ሰው አመጣው። ሦስት ቱቦ ይኑር ይላል። አንዱ ውስጥ ውሃ ብቻ፣ አንዱ ውስጥ የታወቀ ግሉኮስ፣ ሦስተኛው ውስጥ የሚመረመረው ነገር። ተማሪው የሰማያዊውንም የቀዩንም መልክ በዓይኑ አይቶ ሦስተኛውን ያነጻጽራል፤ ማኑዋሉ አንድም ቃል ማውራት የለበትም። ኮንትሮል የሚባለው ይኸው አይደል፣ እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ከማኑዋሉ ውስጥ እንደሌለ ያየሁት እሱ ከተናገረ በኋላ ነው። ለ2 ቁጥርም ለእኔም የሚሆን መልስ ነው። ከዚህ የውይይት ክር ሁሉ አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ይህንን እወስዳለሁ።

4. ይቺኛዋ ተማሪ ናት፣ አሁን ፍሬሽማን። ስለ ሐሳቡ ምንም አላለችም። ያላት አንድ ነገር ነው፦ ማኑዋሉ ላይ ውጤታችሁን ከዚህ የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ የሚል አለ፤ እሷ ዘንድ የደረሰው ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም፣ ቢጫውም፣ ብርቱካናማውም፣ ቀዩም ግራጫ ነው። አምስት ግራጫ ሳጥን። የትኛው ግራጫ እንደሆነ ልትጠይቅ ሄዳ ተስቆባታል። እኔ ዘንድ ያለው ባለቀለም ስለሆነ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። የማይክሮስኮፕ ፎቶዎቹም ተማሪው እጅ ሲደርሱ ጥቁር ጭቃ ናቸው ማለት ነው። በእጅ የተሳለ የመስመር ሥዕል ግን ስንቴ ቢገለበጥ አይጠፋም። የቀለሙን ስም ደግሞ በቃል መጻፍ ነው።

5. በሁለት መስመር፦ ግሉኮስ ሲጠፋ ማር አምጡ። ማር ውስጥ ግሉኮስም ፍሩክቶስም አለ፣ ቤኔዲክትን ቀይ ያደርጋል። የላስታ ማር ባለበት አገር የሻይ ስኳር ምን አስፈለገ ብሎ ሄደ።

6. እዚህ ጋ ነገሩ ከረረ። ስድስተኛው መላሽ ላብ ውስጥ ረጅም ዓመት የሠራ ይመስላል፤ አጻጻፉ የተቃጠለ ሰው ነው። ስልሳ ተማሪ በአንድ ላብ፣ አንድ ቴክኒሽያን፣ ከማይክሮስኮፑ ግማሹ አምፖሉ የተቃጠለ፣ ሬጀንት (መመርመሪያ ኬሚካል) የለ፣ መብራት ይጠፋል፤ እናንተ ወረቀት ላይ ያለ ዓረፍተ ነገር ትቆርጣላችሁ አለ። ማኑዋል ማሻሻል ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ነው እስከማለት ደረሰ። ተናደድኩ፤ ረጅም መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አይደለም። መብራት እንደሚጠፋ ካወቅን መስተዋት ያለውን አሮጌውን ማይክሮስኮፕ መስኮት ዳር አስቀምጦ ብርሃን እንዴት እንደሚያዝ ማኑዋሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ፒፔት (ፈሳሽ መለኪያ ቀጭን ቱቦ) ከሌለ 1 ሚሊ ሊትር በጠብታ ሲቆጠር ወደ 20 ጠብታ እንደሚሆን መጻፍ ይቻላል። ጥፋቱ ለሌላ ሰው ላብ መጻፉ ነው እንጂ ማኑዋል መጻፉ አይደለም።

7 እና 8. ማሩን ይዘው የሄዱ ናቸው። 7 ቁጥር በጣም ተደሰተ፤ እንግዲያውስ ገበያ ላይ በስኳር የተበረዘ ማር በቤኔዲክት ይለያል ብሎ ለእናቱ ሊገዛላት ሁሉ አሰበ። 8 ቁጥር ቀስ ብላ አረመችው። ንጹሑም ማር ቀይ ይሆናል፣ የተበረዘውም ቀይ ይሆናል፤ ምንም አይለይልህም። ከዚያ አንድ ጥሩ ነገር ጨመረች፦ የሻይ ስኳሩን አታባርሩት። ማርና የሻይ ስኳር ጎን ለጎን ይሰጥ፣ አንዱ ቀልቶ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ሲቀር ለምን እንደሆነ ተማሪው ይጠየቅ። የሻይ ስኳሩን ከጥቂት አሲድ ጋር ቀድሞ አፍልቶ፣ አሲዱን አርግቦ (ኒውትራላይዝ አድርጎ) መልሶ መሞከርም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሱክሮሱ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተሰብሮ ይቀላል። የእኛ ያቺ የተበላሸች ቀን ለካ የዓመቱ ምርጥ ላብ ልትሆን ትችል ነበር።

9. አንድ የደሴ ልጅ ከማኑዋሉ ሌላ መስመር አወጣ። 100 ዲግሪ በፈላ ውሃ ውስጥ የሚለውን። እሱ ቴርሞሜትር ከትቶ 92 አነበበ፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ተባለ። ሌላ ተሰጠው፣ እሱም 92። በመጨረሻ 100 ብሎ ጻፈ። ያንኑ በሽታ አያችሁ?

10. ይህኛው ለጭቅጭቅ ነው የገባው። ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል፤ ቴርሞሜትር ማንበብ የማይችል ሰው ስለ ማኑዋል ባይከራከር ይሻላል፤ ትውልዱ ጠፍቷል፤ ወዘተ።

11. መላሹ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። አልተቆጡም፣ እሱ ነው የሚያሳፍረው። 100 ዲግሪ በባሕር ወለል ነው አሉ። ወደ ላይ 300 ሜትር ገደማ በወጣችሁ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ትቀንሳላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ስለዚህ 92 ገደማ ያነበበው ልጅ ቴርሞሜትሩም ዓይኑም ደኅና ነው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብትለኩት ወደ 94 ታገኛላችሁ። 10 ቁጥር ከዚያ በኋላ በዚህ ክር ላይ አልታየም።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ቅዳሜ ቴርሞሜትር ይዤ ደሴ እናቴ ቤት ሄድኩ። የሻይ ማፍያው ሲንተከተክ ከተትኩት። ቀዩ መስመር ወጣ፣ ወጣ፣ 90ን አለፈና ከ92 ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ። እሳቱን ጨመርኩ። እንፋሎቱ በዛ እንጂ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሻዩ ታመመ ወይ አለችኝ።

12 እስከ 16. ከዚህ በኋላ ወሬው ወጥ ቤት ገባ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያገባች አንዲት እህት፣ ንፍሮዋ ጥሬ እየሆነ አማቷ ስንት ዓመት እንደወቀሰቻት ተረከች፤ ለካ ጥፋቱ የተራራው ነው። አንዱ ባቄላ ሌሊቱን ማሳደር ነው መፍትሔው አለ፣ ሌላው ፕሬዠር ኩከር ግዢ አላት። ከዚያ የደሴ ብርድ ይሻላል የኮምቦልቻ ሙቀት የሚል የቆየ ክርክር ተነሣ፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ሰው እንዲህ ይጣላል ብዬ አላስብም ነበር። 15 ቁጥር ብቻ ወደ ቁም ነገሩ ሊመልሰን ሞከረ፤ የላብ ቴርሞሜትር ሻይ ማፍያ ውስጥ በመክተቴ ገሠጸኝ። ልክ ነው። ላብ ውስጥ የነካውን ነገር ማን ያውቃል። ሻዩን ደፍተነዋል፣ አብሽር።

17. አንዲት መምህርት ማኑዋሉ ውስጥ ፒፔት በአፍ መሳብ የሚለው እስካሁን አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሄጄ አየሁ። አለ። ገጹን ፎቶ አንሥቼ ስለጥፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተስማማ፤ ዛሬውኑ ይሰረዝ። በጎማ ሳቢ ካልሆነ በጠብታ።

18 እና 19. 18 ቁጥር ደስ የሚል ነገር ይግባ ብሎ የደም ዓይነት ምርመራ አቀረበ፤ ልጆች ይወዱታል፣ የራሳቸውን ያውቃሉ። 19 ቁጥር ጤና ላይ የምትሠራ ናት፣ ቆጣ ብላ መጣች። ስልሳ ልጅ ባለበት፣ ላንሴት (የጣት መውጊያ መርፌ) በሚያጥርበት ቦታ ጣት መውጋት ማለት ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን መጋበዝ ነው አለች። አንድ ላንሴት ለአንድ ሰው፣ የተሠራበት ወዲያው መጣያ ሣጥን ውስጥ፤ ይህ የማይሟላ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። ወላሂ አንዱን ላንሴት በአልኮል ጠርጎ ሲጋሩ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ስትጨምር 18 ቁጥር ሐሳቡን አነሣ። ይቅርታም ጠየቀ፤ ይህ በኢንተርኔት ብርቅ ነው።

20. ይመጣል ብዬ የፈራሁት መጣ። ማኑዋሉ በአማርኛ ይሁን። ልጁ እንግሊዝኛውን ሲፈታ ሰዓቱ ያልቃል ነው ክርክሩ።

21. ወልድያ የሚማር ልጅ መለሰለት፤ እሱ ከሌላ ክልል የተመደበ ነው፣ አማርኛው የጓደኞቹን ያህል አይደለም። ላብ ውስጥ ሲገባ ሁሉም እኩል የሚቸገርበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አለ። ሳቅሁ፤ ግን የተናገረው ቀልድ አይደለም። 20 ቁጥር መለሰ፣ 21ም መለሰ፤ ወደ ፖለቲካው ሊንሸራተት ሲል ነው ጡረተኛው መምህር መሃል የገቡት። እንግሊዝኛው ይቅር አላሉም፤ ይጠር ነው ያሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሥራ። ቅዳ። ጨምር። ጠብቅ። ጻፍ። ከማኑዋሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጥሬ አርባ ሰባት ቃል አገኘሁበት፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ምን ጨምር እንዳለኝ ረስቼዋለሁ። እኔ፣ ላብ ውስጥ የምሠራው ሰውዬ።

23. ከዚሁ ጋር የተያያዘች ትንሽ ነገር። የማይክሮስኮፕ የመጀመሪያ ትምህርት ላይ ከጋዜጣ ትንሿ የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል ተቆርጣ ትታያለች፤ ምስሉ ተገልብጦ መታየቱን ለማሳየት ነው። 23 ቁጥር በእሷ ፋንታ ሀ ትግባ አለ። 24 ቁጥር አይሆንም፣ ሀ ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ላይና ታች መገልበጡን እንጂ ግራ ቀኝ መዞሩን አታሳይም አለው። ሁ ግን ትሆናለች፤ አፏ ወደ ታች ይደፋል፣ በስተቀኝ ያለችው ቅጥያዋ ወደ ግራ ትዞራለች። ወዲያው ከጋዜጣ ቆርጬ አየሁት። እውነትም! ይህን ማኑዋሉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ፊደሉን ለማየት አማርኛ ማንበብ አያስፈልግም፣ 21 ቁጥርም አይከፋውም።

25. የኮምቦልቻዋ መምህርት ተመለሰች። ሽንኩርቱስ ብላ። ማኑዋሉ ላይ ያለው የሽንኩርት ሴል ሥዕል ክሎሮፕላስት (ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው የሴል ክፍል) አለው፤ ተማሪዎችዋ ሁሉ ክሎሮፕላስት ስለው ያመጣሉ። የሽንኩርት ራስ አፈር ውስጥ የሚያድግ ነጭ ነገር ነው፤ ከየት ያመጣል? አንዱ ተማሪ አረንጓዴ እስክሪብቶ ተጠቅሞ ሁሉ አምጥቶላታል። የሌለን ነገር አረንጓዴ ቀብቶ ማየት፣ ከእኛ ሸክላማ ቀይ በምን ይለያል? እሷ የምታሠራው እንዲህ ነው፦ የቀይ ሽንኩርት ውጫዊውን ሐምራዊ ልጣጭ በስሱ ትልጣለች፣ ምንም ቀለም አትጨምርም፣ ሴሎቹ በራሳቸው ቀለም ይታያሉ። ከዚያ ከከቨር ስሊፑ (ናሙናው ላይ ከሚደረገው ስስ መስታወት) ዳር የጨው ውሃ ጠብ ታደርጋለች። ሐምራዊው ነገር ከግድግዳው እየተላቀቀ ወደ መሃል ሲሰበሰብ በዓይን ይታያል። ውሃው ሴሉን ጥሎ እየወጣ ነው። ልጆቹ ይጮሃሉ አለች። ሬጀንት የለም ለሚለው ለ6 ቁጥር ይድረሰው ብላም ጨመረች። 6 ቁጥር አውራ ጣት ብቻ ሰጣት። ከእሱ ይህም ብዙ ነው።

26. ስለ አምናው ሪፖርት። ሁላችንም የምናውቀውን ነው የተናገረው፦ ግቢ በር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የአምና ላብ ሪፖርት ከነውጤቱ ተጠርዞ ይሸጣል። ማኑዋሉ መልሱን ቢያወጣም ፎቶ ኮፒ ቤቱ አያወጣም። መድኃኒቱ ለየቡድኑ የተለያየ ናሙና መስጠት ነው፣ ሀ ለ ሐ ተብሎ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ቴክኒሽያኑ ብቻ። ቴክኒሽያኑ እኔ ስለሆንኩ ሥራ እንደጨመረብኝ ገብቶኛል። እሺ ብያለሁ። አንዱ ናሙና የሻይ ስኳር እንደሚሆን ግን ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

27. የመጨረሻዋ ጨርሶ ለሌላ ጉዳይ ነው የገባችው። ፍሬሽማን ናት፣ ነገ ፈተና አለባት። ድንች ጨው ውሃ ውስጥ ሲያድር ይጠነክራል ወይስ ይልፈሰፈሳል፣ ቶሎ በሉ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ 28 ይጠነክራል አላት፣ 29 ይልፈሰፈሳል አላት። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እኔም ልመልስላት ጽፌ ነበር፤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አስቤ አጠፋሁት። ድንች ቁረጪ፣ አንዱን ቁራጭ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ጨው ውሃ ውስጥ አሳድሪ፣ ጠዋት በጣትሽ አጉብጪው አልኳት።

30. ዶርም ውስጥ ቢላ አይፈቀድም ብላ መለሰችልኝ።